ፈጥኖ የተደገመ ትእዛዝ

ቶሎሳ በሰባ ሦስት ዓመቱ ከሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልዑል ዓባይነህ እሱ የሚኖርበት ኢስትሙር ሰፈር ድረስ መጥተው፣ ከእሱ ደጃፍ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ «ልጅህን ለልጄ» እንዲሉት። ይቅርታ አልፈለገም። ይቅርታማ ሶፋ ላይ ተቀምጠውም ይባላል።

ልዑሉ የአንድ ራስ የልጅ ልጅ ናቸው። ዙፋናቸው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ዳር ዎርዝንግተን ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ቀይ ምንጣፍ፣ የአያታቸው ፎቶ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ የልብስ ማድረቂያው ማሽን። ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ ሸጠው ጡረታ ወጥተዋል። የዘውድ ቤት ማኅበር ሰብሳቢ ሆነው በዓመት አንድ ቀን ካባ ሲደርቡ፣ ከኮለምበስ አበሻ ግማሹ እጅ ይነሳል፣ ግማሹ ይስቃል። የሚስቀውም ቢሆን ከሚስቱ የተጣላ ዕለት አስታርቁኝ ብሎ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

የሚያስታርቀው ግን ቶሎሳ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የልዑሉ አማካሪ ሆኖ፣ እሳቸው «ያ ደደብ» ያሉትን «ያ ወንድማችን» እያደረገ ያደርስላቸዋል። ሰዎቹም ልዑሉን እንዴት ያለ አንደበት አላቸው እያሉ ያደንቃሉ። ቶሎሳ በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። ጌታን የሚያገለግል ሰው መጀመሪያ የሚያገለግለው የጌታውን ምላስ ነው ይል ነበር።

ይህን የተማረው ባሕር ላይ ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገበያ ላይ ሰው ድስቷን ይወስዳል፣ እጇን ግን አይነካም፤ ቡዳ ናት ይላታላ። ቶሎሳ ይህን እያየ አደገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ምጽዋ ወርዶ ባሕር ኃይል ገባ። እዚያ የመርከቧን መሪ የሚይዝ ሰው ሆነ። የመሪ ያዥ ሥራ ደግሞ ሕግ አለው። ካፒቴኑ «ወደ ግራ አሥር ዲግሪ» ሲል፣ መሪ ያዡ መሪውን ከማዞሩ በፊት «ወደ ግራ አሥር ዲግሪ» ብሎ ጮክ ብሎ ይደግማል። ካፒቴኑ ተሳስቶ ከሆነ የገዛ ቃሉን በሰው አፍ ሰምቶ እንዲመለስ ነው።

ማዘንጊያ የሚባል ሽማግሌ ባሕረኛ ነበር፣ ይህን ሥራ ያስተማረው። አንድ ቀን እንዲህ አለው፦ «የተሳሳተ ትእዛዝ ስትሰማ፣ ካፒቴኑን የምትወደው ከሆነ ዝግ ብለህ ድገምለት፤ ጆሮው ይሰማዋል። የማትወደው ከሆነ ፈጥነህ ድገምለት። በሁለቱም መንገድ ታማኝ ነህ፤ ማንም አይከስህም።»

ቶሎሳ ልዑሉን ሲያገለግል አንድም ቀን ፈጥኖ ደግሞ አያውቅም። እስከዚያ እስከ መጋቢቱ ቅዳሜ ድረስ።

የዚያን ቅዳሜ ልዑሉ ቤዝመንት አስጠሩት። ልጃቸው ዮአብና የቶሎሳ ልጅ ሔርሞን ሁለት ዓመት ሲዋደዱ እንደኖሩ ሁለቱም አባቶች ያውቃሉ። ሔርሞን ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የቶሎሳ ዓለም እሷ ናት። ቶሎሳ ያን ቀን ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሄደው። የልብ የልባችንን ልናወራ ነው ብሎ፣ ሽማግሌ መቼ እንላክ ሊሉኝ ነው ብሎ።

ልዑሉ ስልካቸውን በጣታቸው እየገፉ ነበር። «ዮአብ ስለ ልጅህ ነግሮኛል» አሉት። «አንተ አስተዋይ ሰው ነህ። እንደማይሆን ራስህ ታውቃለህ። ሉዊስ ሴንተር ያለው አንድርያስ ልጅ አለችው። ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ። ካንተ የተሻለ ተናጋሪ ከየት አመጣለሁ?»

ቶሎሳ ለአንድ አፍታ አልገባውም። ከገባው በኋላ ደግሞ የእናቱ እጅ ነው ትዝ ያለው፣ እስከ አንጓው ጭቃ የሆነው። ከዚያ ሽማግሌ እንደሚጠይቀው ጠየቀ፤ የልጅቷ አባት ለምን የእኔን ልጅ መረጣችሁ ቢለኝ ምን ልበል?

«ምን ይባላል?» አሉ ልዑሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። «አንድርያስ ዘር የለውም፣ ያለው ትልቅ ቤት ነው። ቢሆንም ከሸክላ ሠሪ ዘር ይሻላል። ስማችንን ሲያገኝ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እጅ ሲነሳን ይኖራል። አንተ ታሳምረዋለህ።»

ቶሎሳም ቀጥ ብሎ ቆሞ ደገመው። ዘር የለውም ያለው ትልቅ ቤት ነው፣ ከሸክላ ሠሪ ዘር ይሻላል፣ ስማችንን ሲያገኝ ዕድሜ ልኩን እጅ ሲነሳን ይኖራል። ፈጥኖ ነው የደገመው። ልዑሉ ጆሮ ሳይሰጡት «አዎ፣ አዎ፣ ጎሽ» አሉ።

ቤቱ ሲመለስ ሔርሞን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ዮአብ ኮል አድርጓት ነግሯት ኖሯል። «ምን አለሽ?» ሲላት፣ አባቱን መቃወም እንደከበደው፣ ትንሽ ታይም እንድትሰጠው እንደለመናት ነገረችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቶሎሳ በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ቂሙን ይዞ ቤቱ ቀረ፣ ነጭ ጋቢውንም ለሽምግልናው አጠበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ሉዊስ ሴንተር ደረሱ። ቶሎሳ ፊት፣ ሲራክ የሚባለው የማኅበሩ ጸሐፊና አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከኋላ። እንደ ወጉ ሳሎን ገብተው አልተቀመጡም፤ መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ አይቀመጥም። አቶ አንድርያስ፣ ትራክ እየነዳ ጀምሮ ዛሬ የጭነት ድርጅት ያለው ሰው፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ ቆሞ ተቀበላቸው። ሚስቱ ጓዳ በር ላይ ናት። ቶሎሳ የልዑሉን ጥያቄ አሳምሮ አቀረበ። አንድርያስም እንደ ወጉ፣ መልሱን ቀድሞ እያወቀ፣ ከስንቱ መካከል የእኔን ልጅ ለምን መረጡ ሲል ጠየቀ።

«አቶ አንድርያስ» አለ ቶሎሳ፣ «እኔ መልእክተኛ ነኝ። ልዑልነታቸው ያሉኝን ነው የምደግመው።»

ደገመው። ከራሱ አልጨመረም፣ ከእሳቸውም አላስቀረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሲራክ መሃል ላይ ክንዱን ሊይዘው ቢሞክር አላቆመም። የአንድርያስ ሚስት ጓዳውን ዘጋች። አንድርያስ ፈገግታውን እንኳ ለመመለስ ጊዜ አላገኘም፤ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ቀስ ብሎ ሄዶ የውጭውን በር ከፈተላቸው። ቶሎሳ ያን በር ሲወጣ ደስ አለው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ እንደዚያ ዓይነት ደስታ ባሕር ላይ እንኳ አግኝቶ አያውቅም።

ልዑሉ በዚያው ቀን ደወሉ። «ምን አልካቸው?»

«ያሉኝን።»

«ታሳምረዋለህ አላልኩህም?»

«ደግሜልዎት ነበር፤ አዎ አሉኝ።»

ኮለምበስ ትንሽ አገር ነው። በሳምንቱ ወሬው ከሉዊስ ሴንተር እስከ ኢስትሙር በየስልኩ ተዳረሰ። ትራክ የሚነዳው ሁሉ፣ ያለኝ ቤት ብቻ ነው ወይ እያለ ከማኅበሩ ወጣ። ልዑሉ በገዛ አፋቸው ለማስተባበል ሞከሩ፤ አሁን የሚያለሰልስላቸው ስለሌለ ባስረዱ ቁጥር አንድ ሌላ ሰው ሰደቡ። የዓመቱ በዓል ቀን ካባቸውን ደርበው ለአሥራ አራት ሰው ቆሙ። ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። የጎዳቸው ዮአብ ዕቃውን ጠቅልሎ አፓርትማ መግባቱ ነው፤ የሔርሞን ደጅ ካልቆምክ ቤትህ አልመለስም አላቸው።

እናም በሰኔ አንድ እሑድ ከሰዓት ልዑል ዓባይነህ ኢስትሙር መጡ። ሲራክና አስተማሪው ተከትለዋቸዋል፤ ዮአብ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ሣር ማጨጃ የሚገፋው ጎረቤት ማሽኑን አቁሞ አያቸው። ከቶሎሳ ሳሎን መሃል ቆሙ። ጉልበታቸው ታሟል፣ ሶፋው አጠገባቸው ነው፣ ቶሎሳ ግን ተቀመጡ አላለም። «ልጅህን ለልጄ» አሉት።

ቶሎሳ ይህን ቃል ሦስት ወር ጠብቆታል። ትንሽ አቆያቸው፤ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ እያየ አቆያቸው። ከዚያ ልጅቷን ልጠይቅ ብሎ ጓዳ ገባ።

ሔርሞን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። «አባዬ፣ ዮአብ ያን ቀን ሁሉንም ያውቅ ነበር» አለችው። «አንተን እዚያ ሲልኩህ ዝም አለ። እኔ አይም ዳን፣ በቃኝ። አልፈልገውም በላቸው።»

ቶሎሳ ይህን አላሰበውም። ሰውዬውን ለማቆም ሲያስብ፣ መልሱ የእሷ መሆኑን ዘንግቶት ኖሯል። ስለዚህ ማዘንጊያ እንዳስተማረው፣ ለሚወዱት ሰው እንደሚደገመው፣ ዝግ ብሎ ደገመላት፦ «አልፈልገውም... ልበላቸው?» ጆሮዋ ሰምቶ እንድትመለስ ጠበቃት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጭንቅላቷን ግን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወጥቶ ነገራቸው። ሲራክ መሬት መሬት አየ። ልዑሉ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ በመስኮቱ በኩል መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቶሎሳ መለሱ። አሥራ አንድ ዓመት የለመዱት ጥያቄ ሳያስቡት አመለጣቸው።

«ቶሎሳ፣ አሁን ምን ይሻለኛል? ወጥቼ ምን ልበለው?»

ቶሎሳ መልሱን ያውቅ ነበር። አባትና ልጅን እንዴት እንደሚያስታርቅ፣ የትኛው ቃል እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚቀር ያውቅ ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ምን እንደሚባል የሚያውቀውን ሰው ሉዊስ ሴንተር ልከውታል፣ ልዑልነትዎ» አላቸው። «አልተመለሰም።»

ከዚያም ሄዶ የውጭውን በር ከፈተላቸው።