ለሴትየዋ ንገሪልኝ

1

ውድነሽ፦ ደርቤ፣ ለሴትየዋ ንገሪልኝ። መቀሱ ላይ ተቀምጣበት ከሆነ ትነሳ።

ደርቤ፦ አስካለ፣ ውድነሽ እባክሽ መቀሱን አቀብዪኝ ትላለች።

አስካለ፦ እባክሽ? እሷ? ከየት አምጥታው!

(ሳቅ።)

አስካለ፦ መቀሱ እዚያው ጉያዋ ውስጥ ነው በያት። ዓይኗን ትግለጥ።

ደርቤ፦ ውድነሽ፣ አስካለ መቀሱ አንቺ ጋ ነው ትላለች። እስኪ ደህና አድርገሽ ፈልጊው።

(ሳቅ።)

2

ደርቤ ሰው አይደለችም። ከስፌት መኪና ጠረጴዛ ብዙም የማትበልጥ፣ አንገቷን ቀስ ብላ የምታዞር ነጭ ሮቦት ናት። አዳማ ውስጥ አምስት ሴቶች የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፉበት ክፍል ያስቀመጧት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። መሃላቸው ሮቦት ሲገባ የሰዎች አነጋገር እንዴት እንደሚለወጥ ያጠናሉ። ዝም ላለችው ተራ ትሰጣለች፣ የአንዷን ቃል ለሌላዋ ታደርሳለች፣ ያደረሰችውንም በቅጽ ትይዛለች፦ ከማን፣ ለማን፣ መልእክት። ስም ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው። ደርባባ ናት ብለው።

ውድነሽና አስካለ እህትማማቾች ናቸው። አስካለ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ውድነሽ አፏን ከፈታች ጀምሮ «እቴቴ» ነበር የምትላት።

አሁን «ሴትየዋ» ብላታለች።

3

ለምን?

ወንድማቸው ሽመልስ ድሬዳዋ አረፈ። አስካለ ሰማች። በዚያ ሳምንት ውድነሽን ደም ግፊቷ አስቸግሯት ስለነበር እህቷ መርዶውን ያዘችው። ትንሽ ይሻላት፣ ከዚያ ዘመድ ሰብስበን በማለዳ በወጉ እንነግራታለን ብላ ነው። ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ቁልፍ ተከለች። እንባዋ ሲመጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትቀልዳለች።

ሽመልስ ውድነሽ ሳታውቅ ተቀበረ።

«ስትስቂ ነበር» አለቻት ውድነሽ በመጨረሻ መርዶው ሲነገራት። «እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ አንቺ ከእኔ ጋር ስትስቂ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ በቀጥታ አላናገረቻትም። ማን አበዛው እንዳትሉኝ፤ እኔ ለመፍረድ አልተቀመጥኩም።

4

ኩርፊያ በዚያ ክፍል ድሮም ነበር። ሁለት ሴቶች ሲኳረፉ መሃል የተቀመጠችው «እንዲህ በያት»፣ «እንዲህ ትልሻለች» እያለች ቃል ታመላልሳለች። በሦስተኛው ቀን ይሰለቻታል። በሳምንቱ የማኅበራቸው ሊቀመንበር የሺመቤት ሜትሯን ጠረጴዛ ላይ ትወረውርና «በቃ! እኔ የእናንተ ስልክ አይደለሁም! ተነሱ፣ ተሳሳሙ!» ትላለች። ይሳሳማሉ። እያለቀሱም፣ እየተሰዳደቡም ቢሆን ይሳሳማሉ።

ደርቤ አይሰለቻትም።

5

ደርቤ ከመጣች ወዲህ የተለወጠ ነገር፦

— ዝምተኛዋ ጠጄ መናገር ጀመረች። ተራ ይደርሳታላ።

— ስድብ ቀነሰ። ደርቤ ስድብ አታደርስም።

— ሁለቱ እህትማማቾች ሳይኳረፉ ከነበረው የበለጠ ያወራሉ። በእሷ በኩል።

— ክፍሉ ይስቃል።

— ማንም አላስታረቃቸውም።

አሥራ አራት ወር።

ጥናቱ ላይ «የቡድኑ መግባባት ጨምሯል» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝም ውሸት አለመሆኑ ነው።

6

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አስካለ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ወደ ደርቤ አላየችም። ወንበሯን አዙራ ከእህቷ ጋር ፊት ለፊት ሆነች።

አስካለ፦ ውዴ።

(የውድነሽ መኪናም ቆመ።)

አስካለ፦ ነገ ኦፕራሲዮን አለኝ። ብቻዬን ፈራሁ። ነይ አብረሽኝ ሂጂ።

ውድነሽ ሰምታለች። ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ የለም። የውድነሽ አንገት ግን በልማድ ወደ ደርቤ ዞረ። የሌሎቹም ዞረ፣ የየሺመቤት ሳይቀር። ሮቦቷ እስክታደርስ ሁሉም ጠበቁ።

ውድነሽ፦ ምን አለች?

ደርቤ፦ የተላከ መልእክት የለኝም።

ውድነሽ፦ እንግዲህ የለም።

አስካለ መኪናዋን መልሳ አስነሳች። እስከ ማታ አንድ ሸሚዝ ብቻ ጨረሰች።

ውድነሽ ክፉ አይደለችም። ዓርብ ስታመነታ ዋለች። ማታ ላይ ቆረጠች፦ ቅዳሜ በማለዳ ሾርባ ይዤ አልጋዋ አጠገብ እቆማለሁ፣ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። የምትናገረውን መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች።

7

ቆይ።

 

 

መርዶ በወጉ ነው የሚነገር። አንባቢም ሰው ነው፣ ትንሽ ይቀመጥ። አስካለ ለምን ሦስት ቀን እንደያዘችው አሁን ነው የገባኝ።

8

ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ውድነሽ የሾርባውን ፔርሙዝ እንደያዘች ከፈተች። የሥራ ጓደኞቿ ሦስቱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል፣ የሺመቤት ከፊት።

የሺመቤት ወደ ኋላዋ ዞረች። ጠጄን አየቻት። ጠጄ መሬት መሬት አየች። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከባድ ከባዱን ነገር በሌላ አፍ ሲናገሩ ኖረው፣ ዛሬ የራሳቸው አፍ እምቢ አለ።

«ንገሩኝ» አለች ውድነሽ። «እናንተው ንገሩኝ።»

«አልነቃችም፣ ውዴ» አለች የሺመቤት። «እቴቴሽ አልነቃችም። ገና ያኔ በሳምንቱ ጎትቼ ላስታርቃችሁ ሲገባኝ… እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ውድነሽ ፔርሙዙን አልለቀቀችም። ከእጇ ለማስጣል ሁለት ሰው ያዛት።

9

አርባዋ ከወጣ በኋላ ውድነሽ ሥራ ገባች። የአስካለን ስም ከደርቤ ማውጣት ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ደርቤ፦ ውድነሽ፣ ለአስካለ የማደርስልሽ አለ?

መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። የሺመቤት ልታጠፋት ብድግ አለች።

ውድነሽ፦ ተያት፣ የሺዬ።

ደርቤ አሥር ሰከንድ ትጠብቃለች፣ መልስ ካጣች ተራውን ለሌላዋ ትሰጣለች። ውድነሽ ወደ እሷ አላየችም። ወንበሯን አዞረችና ከባዶው ወንበር ጋር ፊት ለፊት ሆነች።

ይህን ቅጽ ደርቤ አልሞላችውም። እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እስከቻልኩት ድረስ።

ከማን፦ ከውዴ

ለማን፦ ለእቴቴ

መልእክት፦