ሁዳዴን የጾሙ አምባዛዎች

መሪጌታ አንለይ ሞኝ አልነበሩም። ቁሐር ሚካኤል ላይ ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማረ ሰው ሞኝ አይባልም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? በጾም ከመጡባቸው እሳቸውም እንዲያ ነበሩ።

ልጃቸው ሉሊት የዓሣ እርባታ ተምራ መጥታ፣ ጓሯቸው ኩሬ አስቆፍራ ስምንት መቶ የአምባዛ ጫጩት ለቀቀች። ለፋሲካ ግማሾቹ እንኳ ስንዝር ከሞላቸው ወረታ የሚከፈተውን ማራቢያ እሷ ትይዛለች፤ ከወላጆቿም ሳትርቅ ትኖራለች። ካልሆነ ሥራ ፍለጋ አገር ለቃ መሄዷ ነው። መሪጌታ ደግሞ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸውን ወለተ ሚካኤልን ጉልበታቸውን አመማቸውና ወንዛዬ ፍል ውሃ ይግቡ ተባለ። መሪጌታ ልጃቸውን፣ "እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ለዓሣው እኔ አለሁ" አሏት። ሉሊት ከመሄዷ በፊት ምግቡን አሳየቻቸው፦ የኑግ ፋጉሎ፣ የሩዝ ፉርሽካና አንድ ጆንያ የደቃቅ ዓሣ ዱቄት።

"አባቴ፣ ይቺን ዱቄት እንዳይተዉብኝ። ገላቸው የሚሠራባቸው አሚኖ አሲድ የሚባሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ላይሲን የሚሉት፣ ኑጉ ላይ ያንሳል። አንዱ በሬ ከለገመ ሌላው ቢበረታም እርሻ አይሄድም አይደል? እንደዚያው ነው።"

"ገብቶኛል፣ ልጄ" አሉ። ገብቷቸውም ነበር፤ የሚያሳዝነው ይኼ ነው።

ግና በሁዳዴ፣ በገዛ እጃቸው፣ የዓሣ ዱቄት ሊያድሉ? ሕሊናቸው እምቢ አለ። ጆንያውን ጎተራ ሥር ወሽቀው በምትኩ ፋጉሎውን እጥፍ አደረጉት። ሲሰጡም አልሰሰቱ። ኩሬው ዳር ቆመው፣ "እናንተም ጹሙ፣ በረከት ነው" ይሏቸው ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጫጩቶቹ ከስተው ጭንቅላት ብቻ ሆኑ። ቀጥሎ ቁጥራቸው ይሳሳ ጀመር። ወፍ ነው የሚለቅማቸው ብለው ኩሬውን በእሾህ አጠሩ። አንድ ረፋድ ግን አንዱ አምባዛ የወንድሙን ጅራት ከአፉ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ያስጾሟቸው ዓሦች እርስ በርስ እየተበላሉ ኖሯል። ያን ጊዜ እንኳ ጆንያውን መክፈት ይችሉ ነበር። "አሁን ብከፍተው እስካሁን ማጥፋቴን ማመኔ አይደል?" አሉ በሆዳቸው፣ ተዉት።

ለሆሳዕና ሉሊት እናቷን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ማራቢያውን የሚከፍተው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ ኩሬውን በመረብ አስጎትቶ ቆጠረ። አርባ አንድ፣ ልክ እንደ ኪርያላይሶኑ።

"ምን ሆነው ነው?" ሲል ጠየቃት።

ሉሊት ጎተራው ሥር የተወሸቀውን ጆንያ አይታዋለች፤ አፉ እንደተሰፋ ነው። ወደ አባቷ አንዴ ዞር አለችና፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምግባቸውን አላመጣጠንኩም" አለች።

መሪጌታ እዚያው ቆመው ነበር። ተማሪን ሁሉ እውነት ተናገር ሲሉ የኖሩ ሰው የእሾህ አጥሩን ማቃናት ያዙ።

ሉሊት ለፋሲካ አልቆየችም። በጸሎተ ሐሙስ፣ በሕማማት መሳም አይገባም ሳትል፣ የአባቷን ጉልበት ስማ ሥራ ፍለጋ ሄደች። እስከዛሬ የሚያንገበግባቸው ያ መሳሟ ነው፤ ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር።

የትንሣኤ ለት ጠዋት ጆንያውን ተሸክመው ኩሬው ዳር ወረዱ። ስፌቱን በጥርሳቸው ፈቱና፣ "ተፈስኳል፤ ብሉ" አሉ። አምባዛዎቹም እየተራኮቱ በሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ" አሉ ያኔ፣ ጮክ ብለው። ከአርባ አንዱ ዓሣ በቀር የሰማቸው አልነበረም።