የካፒቴን ቢልቢ ጭንቅላት

የካፒቴን ቢልቢ ጭንቅላት መሰረቁን ያወቅነው ከከተማችን ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው በፊት ገጹ «የካፒቴኑ ጭንቅላት ተሰረቀ» ብሎ በደማቁ ጻፈ። በማግስቱ በዚያው ገጽ ይቅርታ ጠይቆ «ጭንቅላት የተባለው ኮፍያ ተብሎ ይነበብ» ሲል አረመ። ደውለው የጮኹት እናቶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ አያቶችም ደውለዋል።

ካፒቴን ቢልቢ ፔሊካን የሚባለው የውሃ ወፍ ነው። ሰማያዊ የመርከበኛ ኮት፣ አካፋ የሚያህል ቢጫ መንቆር፣ ከመንቆሩ ሥር ሕፃን የሚያስተኛ የጉሮሮ ከረጢት። ማርሎ ስፕሪንግስ የሚባለው መዝናኛ ፓርካችን ክፍት በነበረ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ኖረ። አይናገርም፤ ያቅፋል። ትልልቆቹ ፓርኮች እዚሁ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ መጥተው ሰዉን ሁሉ ሳይወስዱብን በፊት እኛ የነበረን እሱ ነው። እሱና ሥሯ መስታወት የሆነች ጀልባ፣ ውሃ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ቆነጃጅት፣ በጨው የተቀቀለ ትኩስ ኦቾሎኒ። ብርቱካኑ በሚያብብበት ወር የመኪናውን መስኮት ከፍተን ስንሄድ ፓርኩ ከመታየቱ በፊት ሽታው ይቀበለን ነበር። ዛሬ ብርቱካኑ ተቆርጦ ቤት ተሠርቶበታል። መንደሩን «የብርቱካን ጥላ» ብለውታል። ጥላም ብርቱካንም የለውም።

ከተማችን ሌክ አምብሪ ሊኖር የመጣ ሰው የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ከመወሰኑ በፊት አንድ ነገር ይማራል፤ ካፒቴኑ ውስጥ ሰው የለም። መጀመሪያ የፓርኩ ደንብ ነበር። እዚያ የሚሠራ ሰው «ካፒቴኑን እለብሳለሁ» አይልም፤ «የካፒቴኑ ወዳጅ ነኝ» ነው የሚለው። ፓርኩ ሲዘጋ ሕንፃውን ከነዕቃው አንድ ኩባንያ ገዛው፣ ደንቡ ለእኛ ቀረ።

ልጅ ሁሉ ካፒቴኑን «ውስጥህ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ካፒቴኑ መጀመሪያ በግራ ትከሻው፣ ቀጥሎ በቀኝ ትከሻው ወደ ኋላ ይዞራል፤ የተጠየቀው ሌላ ሰው ይመስል። ከዚያ መንቆሩን በሁለት ክንፉ ከፍ አድርጎ ወደ ገዛ ጉሮሮው ያጎነብሳል። ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ የለም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ የጠያቂውን አናት ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄ ተመትቻለሁ። እጁ ከባድ አልነበረም።

ሲትረስ ጎዳና ላይ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቤት ከአባቴ የወረስኩ ሰው ነኝ። የካፒቴኑን ነጭ ጓንት የምናጥበው እኛ ነበርን። ጓንቱን ይዛ የምትመጣው እትዬ ቨርሊን ስቶክስ ናት። በፍሎሪዳ የሐምሌ ሙቀት ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ እያነከሰች ትገባና በረዶ ለምና ጉልበቷ ላይ እየያዘች ትቀመጣለች። አባቴ «ካፒቴኑ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይላታል። «ሰው በዝቶበት ዋለ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ተባብለው አያውቁም።

እንግዲህ ኮፍያው፣ ማለቴ ያው ጭንቅላቱ፣ ከከተማ ውጭ በኩባንያው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ሳለ ጠፋ። ከርሞ ኦሃዮ ውስጥ አሮጌ የፓርክ ዕቃ በሚሰበስብ ሰው ሳሎን ተገኘ። ሰውየው ፊቱን ካላየው ሰው በኢንተርኔት መግዛቱን ተናገረ። ፖሊስ ጭንቅላቱን ሲመረምር ውስጡ ካለው ስፖንጅ ላይ ፀጉር ተለጥፎ አገኘ። ከቀድሞ ሠራተኞች ሁሉ ጋር ሲያመሳክር ፀጉሩ የእትዬ ቨርሊን ሆነ። የፓርኩ መዝገብ ደግሞ በደንቡ መሠረት «አጃቢ» ይላታል፤ ከካፒቴኑ ጎን የምትሄድ ማለት ነው። የአጃቢ ፀጉር ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል? በዚህ ላይ እሁድ እሁድ መጋዘኑ አጥር ሥር ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ስትቀመጥ የታየች እሷ ናት። ከሰሷት። ከተፈረደባት እስር ቤት ነው። ሰባዋን አልፋለች።

ያን ሰሞን ማሽኖቼ ሥራ አልፈቱም። ሰው ንጹሕ ልብሱን እያመጣ ያጥብ ጀመር፣ ወሬው እንዳያመልጠው።

«እሷ አትሰርቅም» አለ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ራንዳል። «የራሷን ፀጉር ነው እንዴ የምትሰርቀው? ሙቀቱን እኮ ማን ነው የቻለው፣ እዚያ ውስጥ...»

«ራንዳል!» አለች ወይዘሮ ኦርድዌይ። «የልጅ ልጄ ቆሟል!»

የልጅ ልጇ ሱሪውን እያጣጠፈ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጢም አለው።

«እኔ ስለ ሙቀት ነው ያወራሁት» አለ ራንዳል።

«ስለ ሙቀት ከሆነ ውጭ ወጥተህ አውራ።»

ኢንተርኔት ላይ ማርሎ ስፕሪንግስን በካርታ እንኳ የማያውቅ ሰው ገሚሱ ይሰቅላታል፣ ገሚሱ ያጸድቃታል። ፊቷን ቲሸርት ላይ አትመው የሸጡም ነበሩ። ከኛው ሰው አንዱ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ትኩስ ዓሣ አስቀመጠ፤ ለካፒቴኑ ማጽናኛ መሆኑ ነው። በማግስቱ ሌሎችም አስቀመጡ። ነሐሴ ነው፣ ፍሎሪዳ ነው። በሦስተኛው ቀን የፖሊስ አዛዡ ራሱ አፍንጫውን ይዞ ወጥቶ «እባካችሁ አበባ አምጡ» ብሎ ለመነ።

መንግሥት ያቆመላት ጠበቃ ዮላንዳ ቤክ የምትባል፣ ከታምፓ የመጣች ሴት ናት። እኔ ዘንድ መጥታ ማሽን ላይ ተደገፈች።

«ጓንት ታጥቡ ነበር አሉ።»

«እናጥብ ነበር።»

«የማንን?»

«የካፒቴኑን።»

«ጌታዬ፣ ጓንቱ ውስጥ እጅ ነበረ። የማን እጅ?»

«ክንፍ ነው» አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «እናንተ ሰዎች ይቺን ሴትዮ ልታሳስሯት ነው። ዞሬ ዞሬ ውስጡ እሷ ነበረች ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አጣሁ! ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ወዳጁ ነበረች ይለኛል።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ጠዋት ስልክ አንሥቼ እመሰክራለሁ ልላት ቁጥሩን ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ እትዬ ቨርሊን የአልጋ ልብሷን ይዛ ገባች፣ ጠበቃዋ ተከትላት።

«ሦስት ቃል ብቻ ነው የምለምንሽ» ትላታለች ጠበቃዋ። «እኔ ነበርኩ ውስጡ። በቃ። እስር ቤት አትገቢም።»

እትዬ ቨርሊን አንሶላውን ማሽን ውስጥ ከተተች። «የኔ ልጅ፣ አንድ ሕፃን ነበር፤ እናቱ በሞተች በሳምንቱ አመጡት። ከማንም ጋር አልነጋገርም ብሎ፣ ጆሮው ሥር ገብቶ ለካፒቴኑ ብቻ ነገረው። እኔ ነኝ ካልኩ ያን ልጅ ያቀፈው ማን ሊሆን ነው? የማያውቃት አንዲት ሴትዮ?»

«ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ!»

«እሱማ ሆኗል» አለች። ወደ እኔ ዞራ «አንተም ስልኩን አስቀምጠው» አለችኝ። አስቀመጥኩት።

የችሎቱ ቀን ማጠቢያ ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ በአብዛኛው ሃምሳ ዓመት የተጠጋ፣ ራሰ በራ፣ መነጽር ያደረገ ሕዝብ ነው። ዳኛው ፕሩዊት እዚሁ ያደገ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሃልቮርሰን ከሚኒሶታ የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚያውቅ። በመጥፎ ሊነሣ አይገባም።

እትዬ ቨርሊን በራሷ ፈቃድ የምስክር ወንበር ላይ ወጣች። ዐቃቤ ሕጉ የእሁዱን ነገር ሲጠይቃት «ወዳጄን ልጠይቅ ነው የምሄደው» አለች። ዕቃውን ሸጠሽ ወይ ሲላት «አልሸጥኩም» አለች። ሃልቮርሰን የጭንቅላቱን ፎቶግራፍ ይዞ ጠጋ አለና እንድታየው ጎንበስ አለላት።

«ወይዘሮ ስቶክስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በአክብሮት እጠይቅዎታለሁ። ፀጉርዎ እዚህ ውስጥ ተገኝቷል። በዚህ ፔሊካን ውስጥ ሰው ነበረ?»

ጠበቃዋ ዮላንዳ እስክሪብቶዋን ነከሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእስር እንድትድን የፈለገው ሕዝብ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በዚያች ሰዓት አዎ እንዳትል ነበር የምንጸልየው።

እትዬ ቨርሊን በግራ ትከሻዋ ወደ ኋላ ዞረች። በቀኝ ትከሻዋ ዞረች። ከዚያ ሁለት እጇን ከአፏ ፊት ዘርግታ የማይታየውን መንቆር ቀስ ብላ ከፍ አደረገች፤ ክብደቱ ታየን። ወደ ውስጥ አጎነበሰች። ፈለገች፣ ፈለገች። ራሷን ነቀነቀች። ሲያበቃ እጇን ሰድዳ የዐቃቤ ሕጉን አናት ሁለቴ መታ መታ አደረገች።

የችሎቱ ፖሊስ ሊንደረደር አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ከኋላዬ ራንዳል ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ወይዘሮ ኦርድዌይ የልጅ ልጇን ክንድ ይዛ ታለቅሳለች፤ ልጁ ካፒቴኑን አይቶት አያውቅም፣ እሱም ያለቅሳል።

ሃልቮርሰን ፀጉሩን እየነካካ «ክቡር ዳኛ፣ ምስክሯ አልመለሱም» አለ።

የችሎቱ ጸሐፊም ቀና ብላ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

ዳኛ ፕሩዊት መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ከእናቱ ቀብር ሳምንት በኋላ አባቱ እጁን ይዞ የት እንደወሰደው እኛ የእድሜ እኩዮቹ እናውቃለን፤ ያን ዕለት ግን ለማንም አልተናገርንም። መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

«ጥያቄው የቀረበው ስለ ፔሊካኑ ነው» አለ። «ፔሊካኑ መልሷል ብለሽ ጻፊ። ፀጉሩ እዚያ ሊገኝ የሚችልበትን በቂ ምክንያት ችሎቱ ተረድቶታል፤ በቃል መግለጽ አያስፈልግም። ክሱ ተዘግቷል።»

እውነተኛው ሌባ ከወር በኋላ ተያዘ፤ መጋዘኑን የሚጠብቀው ዘበኛ ራሱ ነበር። ለዚህ ዜና ማንም ዓሣ አላመጣም። ጭንቅላቱ ተመልሶ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀመጠ፤ በሣጥኑ ላይ «ካፒቴን ቢልቢ ዕረፍት ላይ ነው» የሚል ተጽፎበታል። ከኮቱ ጋር አያይዘው፣ አንገቱን በሻርፕ ሸፍነው ነው ያስቀመጡት፤ ልጅ ቢያይ እንዳይደነግጥ።

እትዬ ቨርሊን በሳምንቱ የአልጋ ልብሷን ይዛ መጣች። ወንበር ሰጠኋት። እንደ አባቴ ልላት ብዙ ዓመት ሳስብ ኖሬ ደፍሬ አላውቅም ነበር።

«ካፒቴኑ እንዴት ነው?» አልኳት።

የሚሽከረከረውን ማሽን አየች።

«ደህና ነው» አለች። «ጉልበቱን ብቻ ያመዋል።»

«የእርስዎስ?»

«የኔማ ምን ይሆናል» አለችና በረዶ እንዳመጣላት እጇን ዘረጋች።