ከመኪናዋ የተነቀለው ወንበር

የመኪናዋን የኋላ ወንበር ነቅለው ወስደውታል። ኢልሃም ሰኞ ጠዋት የተማሪዎቿን ደብተሮች ልታስቀምጥ የኋላውን በር ስትከፍት ያገኘችው ባዶ የብረት ወለል፣ የብሎን ቀዳዳና ወንበሩ ሥር ሲጠራቀም የከረመ የለውዝ ቅርፊት ነበር። ነጭ ሽንኩርት ከወዲሁ ተጭኖበት ተራግፏል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ወንድሟ ኢምራን ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ጭነት ልንጭንበት ነዋ» አለ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ። «ሽንኩርት በሰው መኪና ማመላለስ ሰለቸን። እንኳየሁ ትናንት ከጋራዥ መጥቶ ፈታው።»

«ትናንት እኔ የት ነበርኩ?»

«ለቅሶ ቤት።»

«ሂጂ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁ!»

«ታዲያ ምን ቀረብሽ? ሰው አጽናናሽ፣ ከአላህ ዘንድ አጅር አገኘሽ።»

ኢልሃም ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች። ምደባው የወጣ ጊዜ አባቷ ሐጂ ሷሊሕ፣ በአራዳ ገበያ የእህልና የሽንኩርት ነጋዴ፣ በአጎቷ ፊት «ከኋላሽ ሴቶች እስከተቀመጡ፣ ማታ ማታም ቤትሽ እስከገባሽ ድረስ አልከለክልሽም» ብለው ቃል ሰጡ፤ እሷም ማታ ማታ እንደምትገባ ቃል ገባች። ሐጂ ሷሊሕ ደግሞ ከሚዛናቸው ይልቅ የሚታወቁት በቃላቸው ነው፤ አንዴ ካሉ አሉ። ስለዚህ ኢልሃም በየጠዋቱ ሐረገወይንና እቴነሽ የሚባሉትን ሁለት ባልደረቦቿን ከፒያሳ ትጭንና ወደ ወገራ ደጋ ትወጣለች፤ ማታ ይዛቸው ትመለሳለች። የፊቱ ወንበር ባዶ እያለ ሁለቱም ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ሐረገወይን «እኛኮ የሐጂ ቃል ጠባቂዎች ነን፤ አንዳችን ወደ ፊት ከመጣን መኪናው ቀጥ ይላል» እያለች ትስቃለች።

ኢልሃም ደብተሮቹን እንደታቀፈች ወደ ሳሎን ገባች።

ወንበሩ እዚያ ነበር። ከሥሩ ጣውላ ተደርጎለት፣ ግድግዳ አስደግፈውታል። አባቷ ላዩ ላይ ተደላድለው ሻይ ይጠጣሉ። እሷን ያደረቃት ግን የወንበሩ ልብስ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠርዙ ወርቃማ። እናቷ ዙበይዳ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰፋው ከርማለች። «ለመደቡ ነው» ብላ ቀለሙን ያስመረጠችው ኢልሃምን ነው፤ ጨርቁንም ከፒያሳ ተሸክማ ያመጣችው ራሷ ኢልሃም ናት። አሁን ልብሱ እንደ ቆዳ ወንበሩ ላይ ልክክ ብሏል። ለመደብ የተሰፋ እንዲህ አይገጥምም።

«እማዬ፣ መቼ ለካሽው?»

ዙበይዳ ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው ዞረች።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ሰፊ ነው።»

«መኪናው ውስጥም ሰፊ ነበር። አባባ፣ ሴቶቹ ፒያሳ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። የት ላስቀምጣቸው? ሽንኩርቱ ላይ?»

«እኔ አትሂጂ አላልኩሽም። ያልኩትን ዛሬም እላለሁ። ከኋላሽ ሴቶች እስከተቀመጡ ድረስ—»

«መቀመጫውን እርስዎ ተቀምጠውበት!»

በሩ ላይ የቆመው ኢምራን ሳቁ አመለጠው። አባቱ ሲገላምጡት ዋጠው።

«ምነው ፊት ለፊት አይሆንም ቢሉኝ? እንጣላ ነበር፤ ተጣልተን እንታረቅ ነበር።»

«ቃሌን አላጥፍም።»

«ቃልዎንማ አላጠፉም። ብሎኑን አስፈቱት እንጂ።»

ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ገበያ ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹የሐጂ ሷሊሕ ልጅ ታክሲ ጀመረች፤ ወገራ፣ ወገራ፣ አንድ ሰው የሞላ!› እያሉ ይጣሩብኛል። ሚዛኔ ላይ እንደቆምኩ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ?»

«‹ፊዚክስ ታስተምራለች› ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?»

ኢልሃም መስኮቱ ላይ በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ብሎኖቹን አየቻቸው። ደብተሮቹን መሬት ላይ አኖረች።

«እኔው መልሼ እገጥመዋለሁ፤ መፍቻ አለኝ። ይነሡልኝ።»

«ያረቢ!» ዙበይዳ አፏን ያዘች። በዚህ ቤት አባቱን ከተቀመጠበት ያስነሣ ልጅ ታይቶ አይታወቅም።

ሐጂ ግን አልተነሡም። ሻያቸውን አንሥተው ፉት አሉና «ተቀመጪ ብያለሁ» አሉ።

ስልኳ ጮኸ። ሐረገወይን ነበረች። «ሹፌር! ምነው ቀረሽ፣ ሐጂ ቃላቸውን አጠፉ እንዴ?»

«አላጠፉም። መናኸሪያ ጠብቁኝ፤ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።» ቀጥላም ጠየቀች፤ «ያ ያየሽው የኪራይ ቤት ተይዟል?»

«የአምባ ጊዮርጊሱ? አልተያዘም። ሐጂ አይፈቅዱም ብለሽ አይደል የተውነው?»

«ዛሬ እንይዘዋለን።»

ስልኩን ዘጋችው። ሐጂ ሷሊሕ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ ብለሽኛል!» አሉ። «ቃል ገብተሻል!»

«በዚህ ወንበር ነበር የምመለሰው፣ አባባ። ማታ አውቶቡስ የለም።»

መኝታ ክፍሏ ገብታ ቦርሳዋ ውስጥ ልብስ መጠቅጠቅ ጀመረች። ምርጫ አላበዛችም፤ የደጋ ብርድ የሚችል ሹራብ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ሻርፕ። ዙበይዳ ተከትላት መጥታ በሹክሹክታ «አባትሽ ነው ስፊ ያለኝ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለች።

«ቀለሙ ያምራል፣ እማዬ።»



ኢልሃም ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ደብተሮቹን ከሳሎኑ ወለል አንሥታ አለፈች። ኢምራን ከበሩ ፈቀቅ አለላትና «እስከ መናኸሪያ ላድርስሽ» አለ፤ አሁን አይስቅም።

«በምኑ? በሽንኩርት መጫኛህ?»

«ኢልሃም!» ሐጂ ሷሊሕ ለመነሣት ሞከሩ። የመኪና ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ ጀርባውም ወደ ኋላ ይጎትታል። ጣውላውን በአንድ እጃቸው ይዘው ሲታገሉ፣ ሻዩ አረንጓዴው ልብስ ላይ ፈሰሰ። «ኢልሃም፣ ቁሚ!»

አልቆመችም። የግቢው ቆርቆሮ በር ተወላግዷል፤ አንዴ በመግፋት አይገጥምም። ወደ ውጭ ወጥታ፣ ደብተሮቹን በአገጯ ደግፋ፣ እስኪገጥም ድረስ ጎትታ ዘጋችው።