ከበግ ቆዳ የወጣ ጦር

ኡፍፍ! አሁንም ይሸተኛል። ሦስቴ ታጠብኩ፣ በሎሚ ታሸሁ፣ ፀጉሬን በልብስ ሳሙና ፈተግኩት፤ ማርያምን፣ ከጆሮዬ ሥር ገና የበግ ስብ አለ። ሳልናገረው ግን ልፈነዳ ነው!

ወንድሜ ለይኩን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቷል። እሱ ደግሞ ጦርነት የሚወደው የጣት አንጓ የሚያክል ሲሆን ብቻ ነው! ትንንሽ ወታደር ይሠራል፣ ከሸክላ። ጠመንጃቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቀለማቸው የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም። ከጓደኛው ከነገሳ ጋር በአፈር ኮረብታ ይሠሩና የሉዶ ዳይስ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ስድስት ከወጣ ሦስት ሰው ይሞታል፣ አንድ ከወጣ መትረየሱ ይነክሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፣ ምሳ እንኳን አይበሉም።

ይሄን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ ሰማ። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ኤግዚቢሽን ስላለ እናቴን አስጠራትና፣ "የልጅሽ ወታደሮች የካራማራን ጦርነት ሠርተው ጠረጴዛዬ ላይ ከቆሙ ልጅሽን ኪነት ቡድን አስገብቼ ስሙን እሰርዛለሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። አለበለዚያ ሐሙስ መኪና ላይ ይወጣል" አላት።

ችግሩ ወታደሮቹም ወንድሜም ያሉት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባህር ዛፉ መሃል፣ ነገሳ ቤት ነው። የነገሳ እናት እማማ ኢፍቱ ለገንቦና ለጀበና እሳት ሲያነዱ ወታደሮቹንም እዚያው ይከቱለታል። ለይኩን ደግሞ አፈሳ ፈርቶ ሁለት ወር ሙሉ እነሱ ጋ ተደብቋል። ታዲያ ማን ያውርዳቸው? እኔ! ሴት አይታፈስማ! ለበዓሉ የተገዛልኝን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። ሞኝ!

ስደርስ ለይኩን አልጋው ላይ ሰማንያ የክብሪት ቀፎ ደርድሯል። በአንድ ቀፎ ሁለት ወታደር፣ መሃላቸው ጥጥ። የኛ ቀፎ ላይ ቀይ መስመር፣ የጠላት ላይ ጥቁር።

"እንዳታወዛውዢያቸው፣ እሺ? እንቁላል እንደያዝሽ አስቢ።"

"እንቁላልስ ይበላል።"

ቀፎዎቹን የሳሙና ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቆ ሳይጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። ላስቲክ የለም፤ ያለችው አንዷ የሚያፈሰው ጣሪያ ላይ ናት። ነገሳ ሮጦ ወጣና አሁን የታረደውን በግ ቆዳ ይዞ ከች አለ። ገና ይሞቃል! ጫፉ ላይ ስብ፣ ደም፣ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የሚንጠለጠል ነገር፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ!

"በግ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ይውላል" አለ ነገሳ። "ውሃ ገብቶበት ያውቃል?"

"አያውቅም! ስለዚህ ፀጉሩ ወደ ውጭ!" አለ ወንድሜ።

ሁለት ሊቃውንት! ፀጉሩ ወደ ውጭ ሲሆን ወደ ውስጥ የሚሆነው ምኑ እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡም። ካርቶኑን ጠቀለሉት፣ በገመድ አሰሩት።

"ለይኩኔ፣ እኔ ይሄን ጀርባዬ ላይ አላደርግም። ያስመልሰኛል።"

"ወርቄ... ሐሙስ እኮ..." አለ። ሊያለቅስ ሲል አፍንጫው ይቀላል። ቀላ። በቃ፣ ጀርባዬን ሰጠሁት።

"አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ" አሉኝ እማማ ኢፍቱ፣ እየሳቁ። "ቆዳ አይደል እንዴ? ያደረግሽው ጫማ ታዲያ ምን መሰለሽ?"

"እማማ፣ የኔ ጫማ አይንጠባጠብም!"

ተንጠባጠበ። መጀመሪያ አንገቴ ላይ፣ ከዚያ በጀርባዬ ቁልቁል፣ ለብ ያለ፣ ዝልግልግ ያለ። ዝንቡ አፌ ሊገባ ይታገላል። እንዳልተነፍስ እሮጣለሁ፣ እንዳላወዛውዝ እቆማለሁ። ሚካኤል አጥር ጋ ስደርስ አንድ ውሻ ከኋላዬ መጣ። ከዚያ ሦስት ሆኑ። ከዚያ፣ እኔ ልሙት፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ! ለእንቁጣጣሽ የበግ ቆዳ አዝዬ በውሻ መሃል! አንዱ ቡችላ ዘሎ ቆዳው ላይ ተንጠለጠለ፣ እኔ በቂጤ ጭቃው ላይ ተዘረፈጥኩ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ።

ወይ ቆዳውን ወይ ለይኩንን። ቋጠሮው በእጄ እምቢ አለኝ። በጥርሴ ፈታሁት። በጥርሴ! ጣዕሙን አትጠይቁኝ። ቆዳውን ወረወርኩላቸው፣ ካርቶኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ ሰፈራችን ወደ ኮተቤ ቁልቁል በረርኩ። ያኔ ዝናቡ ወረደ፣ በባልዲ።

አዳራሹ ስደርስ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ነው። ጓድ ተሾመ ከሁለት ጓዶች ጋር ቁርጥ ይቆርጣል፣ አገጩ በስብ ያብለጨልጫል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሥሩ ተቀደደና ሁሉም ዘርገፍ አለ። ቀፎዎቹ ሟሙተዋል፤ ቀይ መስመር የለ፣ ጥቁር መስመር የለ። ጥጥ፣ ደም፣ ስብና የቀለም ውሃ አንድ ላይ ተለውሶ በመሃሉ ትንንሽ ራስና ክንድ ብቅ ብቅ ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የጉበት ቀለም።

"ምንድን ነው ይሄ? ፍርፍር ነው?" አለ ጓድ ተሾመ።

"ጦር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

አንዱን አንስቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። "ይገማል!"

"ጦር ሜዳ ማን ይታጠባል?" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጓዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

"የኛ የትኛው ነው? ጠላትስ የትኛው ነው?"

እኔስ በምን ልለያቸው? የኛን ጠላት ብዬ ብሳሳት ወንድሜን ብቻ ሳይሆን እናቴንም ጭምር "አድሃሪ" ብሎ ይጠራርጋታል። እጄ ላይ አንድ እግሩ የተቀነጠሰ ነበር። አቆምኩት፣ ወደቀ። እንደገና አቆምኩት፣ ወደቀ። እዚያው ተውኩት።

"ይሄ ጠላት ነው" አልኩ። "የወደቁት በሙሉ ጠላት ናቸው። የቆሙት የኛ።"

በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግኩ ደረደርኳቸው። ደህናውን አቆማለሁ፣ ስብሩን አጋድማለሁ። ስልሳ ሦስት ስብር!

"ከኛ ወገን አንድም አልወደቀም?"

"አንድም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ያኔ ሳቀ። ጥርሱ መሃል ሥጋ! "ይቺ ልጅ ገብቷታል!" ብሎ በዚያ ቅባታም እጁ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፤ ፀጉሬን! መዝገቡን አመጣ፣ እስክሪብቶው ሁለቴ ከጣቱ አሟለጨው። የለይኩን ስም ላይ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪሄድ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።

"ነገ ታዲያ ዝንቡን አንቺ ነሽ የምታባሪው" አለኝ።

እውነቱን ነው። በማግስቱ ከጠዋት ሁለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጋዜጣ አራገብኩ። ዝንቡ ካራማራን ወሮታል! እንግዶቹ መሃረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ፣ ካለፉ በኋላ ያጨበጭባሉ።

ማታ ለይኩን ቤት መጣ፣ በበሩ፣ በሁለት ወሩ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን ያየኛል።

"የተሰበሩትንስ ምን አደረግሻቸው?"

"ጠላት አደረግኳቸው።"

"ግማሾቹ እኮ የኛ ናቸው፣ ወርቄ።"

"አውቃለሁ።"

"የጠላትን መትረየስ ተኳሽ ያየ አለ? ፂሙን በመርፌ ጫፍ ነው የሠራሁለት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።"

"ዝንቦቹ አይተውታል።"

ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሊያቅፈኝ መጥቶ ደግሞ በመሃል ቆመ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። እሱ! በሱ ምክንያት!

"ስትታጠቢ" አለኝ፣ "ከጆሮሽ ሥር ጀምሪ።"