የስድስት ሰዓቱ ጭነት

እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሴት ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ግን አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ ያስቀጠረኝም፣ የኮምፒውተሩን ሙያ ያስተማረኝም እሱ ነው። ታዲያ የሕሙማን ቀጠሮ የሚመዘገብበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማንን ልጥራ? ጋሼን ነዋ! ከጎን ካለው ቢሮው ይመጣና "አይዞሽ የኔ እህት፣ ዞር በይ" ብሎ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ካርድ ክፍሎች "እጅህ ይባረክ!" ይሉታል። እኔ ምሳዬን በእንባ አወራርዳለሁ።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊያችን፣ በሌሉበት "እትዬ መነጽር" የምንላቸው፣ ጠሩኝ።

"የሰርቨሩ ተጠሪ አንቺ ነሽ። እስከ ነገ ምክንያቱን ካላሳየሽኝ ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ቦታሽን ወንድምሽ ይይዘዋል።"

ለጋሼ ስነግረው እቅፍ አድርጎኝ "ምን ይደረጋል፣ ዕድል ነው" አለኝ።

ዓርብ እልህ ያዘኝ። ለካስ ሰርቨሩን ባጠፋነው ቁጥር የጥፋተኛውንም ዱካ አብረን ስናጠፋ ኖሯል፤ አይ ሞኝነቴ! ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ኃላፊዋን አጠገቤ አስቀምጬ ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች መቁጠር ጀመርኩ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ የቀጠሮ ጥያቄ ነው የሚያስተናግደው፤ ለወትሮው ከዘጠኝ አይበልጡም። ዓይናችን እያየ አርባ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ ሆኑ። ሚሞሪው ጢም አለ።

"ይሄ ሁሉ በሽተኛ ባንዴ?" አሉ።

"ምን በሽተኛ አለ እትዬ! ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ከባድ ገጽ ነው፣ የአሥር ዓመት ቀጠሮ ፍለጋውን። የሚመጡትም ካንድ ኮምፒውተር ነው።"

የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ አየሁት። የመጨረሻው ቁጥር አሥራ ሰባት። ክው ብዬ ቀረሁ። ጋሼ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣለት ያንን ቁጥር በገዛ እጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"የማን ነው?"

"አንዴ ይታገሱኝ" አልኳቸው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል፣ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቶ ይሆናል፣ ከፍቶ የረሳው ፕሮግራም ይሆናል እያልኩ ሰበብ ፈለግኩለት። የእናቴ ልጅ ነዋ! አድራሻውን ዘጋሁት። ፕሮሰሶቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ዘጠኝ ቀሩ። ሰርቨሩ ሳይቆም ተረፈ፤ ከካርድ ክፍል የጮኸም የደወለም ሰው የለም።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ የሁለታችንን ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ገባ።

"አይዞሽ የኔ እህት፣ ዛሬም ቆመብሽ አይደል? ዞር በይ።"

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። በትንሽ በትልቁ የምጮኸው ሴትዮ ድምፄን ሳላነሳ ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ሰርቨሩ እየሠራ ነው። ማን ጠራህ?"