የሎሚ ገጣባ

ከሪማ ድብዳብ ሰፊ ነበረች። ከአርሲ ስንዴና ገብስ ጭነው ወደ አዳማ ባቡር ጣቢያ የሚመጡት አህዮችና በቅሎዎች፣ ጭነቱ ጀርባቸውን እንዳይልጠው ከሥሩ የሚደረግላቸውን ገለባ የተጠቀጠቀበት ወፍራም ልብስ ትሰፋለች። መዳፏ እንደ ወንድ መዳፍ የጠነከረ ነው፤ ስፌቷ እስከ ሁሩታ ድረስ ይታወቃል። ባሏ መሐመድዘይን ጣቢያው ላይ ጫኝና አውራጅ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ናቸው። ባቡሩ አዳማን ከለመዳት አሥር ዓመት ባለፈው በዚያ ዘመን፣ ከሐዲዱ ወዲህ ባለችው መንደር የጭቃ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም።

ሎሚ ደግሞ ሽኮኮ ናት። በግራር ሥር ጉድጓድ ምሳ የምትኖረው፣ ፀጉሯ አፈር የሚመስለው፣ ጅራቷ ከገላዋ የማያንሰው ዓይነት። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው ዓይኗ ሳይገለጥ፣ ጉድጓዷን ጎርፍ ሞልቶት አግኝተው ለከሪማ ያመጡላት። ከሪማ የፍየል ወተት በጥጥ እየነከረች አጠባቻት። ስታድግ ድብዳብ ከሚሞላበት ገለባ ውስጥ መተኛት ለመደች፤ ከሪማ ስትሰፋ ትከሻዋ ላይ ወጥታ ስንዴ ትቆረጥማለች። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። ከሪማ መሳቃቸውን አትጠላውም ነበር።

ነገሩ የደረሰው በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ወር ላይ ነው። ከሪማ ከገበያ ስትመለስ ሎሚን በሩ አጠገብ ሰሌን ላይ ተጋድማ አገኘቻት። መሐመድዘይን ራስጌዋ ቁጢጥ ብሏል። እንዲህ ሆና እንዳገኛት፣ ምናልባት ውሻ ጥሏት እንደሆነ ነገራት፤ ሲነግራት ግን ፊቷን አላየም። ከሪማ አነሣቻት። ከወገቧ በላይ ደህና ናት፤ ጣቷን ይዛ ትልሳለች። ከወገቧ በታች እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለች። የኋላ እግሯን ብትቆነጥጣት አልሰማችም።

ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን በፊት እግሮቿ እየተሳበች ወደ ስንዴው ቁና ሄደች፤ ከሪማም ደስታዋን አልቻለችውም። ደስታው ግን ሳምንት አልቆየም። የጭቃው ወለል የሚጎተቱትን እግሮች ላጣቸው። የእግሯ ጀርባና ጉልበቷ ቀልቶ፣ ከዚያ አዥቶ፣ ከዚያ ዝንብ ሰፈረበት። የማይሰማት እግር የሷ አልመስል ብሏት ይሁን ምን፣ ዞራ የገዛ ጣቷን ስታኝክ ከሪማ አየቻት። ቅቤ ቀባቻት፤ ባሰባት። ከግራ እግሯ ላይ ነጭ ትል ወጣ።

ጎረቤታቸው አቶ ገብረወልድ የኬላው ጸሐፊ ነው፤ የሸዋ ሰው፣ ረጋ ያለ። ሽታው አጥሩን አልፎ ሲደርሰው መጥቶ አየና፣ ከዚህ ሥቃይ ሞት እንደሚሻላት፣ ከሪማ ካልሆነላት እሱ ሰው ልኮ እንደሚያስጨርስላት ነገራት። ክፋት አልነበረበትም፤ አሳዝናው ነው። መሐመድዘይንም አንገቱን ደፍቶ፣ ቢያሳርፏት እንደሚሻል ተናገረ።

ከሪማ ሁለቱንም ሰማቻቸውና ቁናውን አሳየቻቸው።

«ዛሬም በልታለች» አለች። «እየበላ ያለን ነገር አልገድልም።»

በሰኔ መጀመሪያ ኦቦ ወዬሳ ያዘዙትን ድብዳብ ሊወስዱ ከሁሩታ መጡ። ኦቦ ወዬሳ አህያ ነጂ ሽማግሌ ናቸው፤ ይልቁንም ጭነት የላጠውን የከብት ጀርባ፣ ገጣባውን፣ በማዳን ስማቸው እስከ አቦምሳ ይነሣል። ድብዳቡን ሳይመረምሩ ዓይናቸው ሎሚ ላይ አረፈ። ተቀመጡ፤ በመዳፋቸው አንሥተው እግሯን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ምን ቀባሻት?»

«ቅቤ።»

«ተይው። ቅቤ አፈሩን ይዞ ያስቀምጣል።» እግሯን መልሰው አኖሩት። «ይቺ እኮ ገጣባ ናት፣ ልጄ። ይህን ያህል ዘመን ድብዳብ ስትሰፊ ኖረሽ አላወቅሻትም?»

«ማን ጭኗት ነው ገጣባ የምትሆነው?»

«ገላዋ ነዋ። ለራሷ ጭነት ሆናለች። ገጣባ በመድኃኒት ብቻ ድኖ አያውቅም፤ መጀመሪያ ጭነቱን ማውረድ ነው። ከዚያ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቅ። የቀረው የዋቃ ነው።»

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዷት። ውኃው በጨው ይፈላ፤ ክርን ሲችለው ይታጠብበት። ትሉ በእሾህ ጫፍ ይለቀም። ንጹሕ ማር እንደ ጥላ ስስ ሆኖ ይቀባ። ወገቡ የተሰበረ ጥጃ አስታምመው ያውቁ ነበርና ሌላም ነገር ነገሯት፤ ሎሚ ሽንቷን መቆጣጠር ስለማትችል የሚያቃጥላት እሱ ነው፤ ጧትና ማታ ሆዷን በሁለት ጣት ቀስ ብላ እየተጫነች ታሽናት፤ መኝታዋ አንዴም አይርጠብ። ከሪማ ትድን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ኦቦ ወዬሳ ቃል አልሰጡም። አዋሽ ሳይሞላ መሻገር እንዳለባቸው፣ ከክረምቱ በኋላ መጥተው እንደሚያዩዋት ብቻ ተናግረው አህዮቻቸውን ነዱ።

የዚያኑ ዕለት ውኃው ፈላ። ሎሚ ከወገቧ በታች ባይሰማትም መያዙን አትወድም፤ ትንፈራገጣለች፣ ትናከሳለች። ስለዚህ መሐመድዘይን ሊይዛት ተቀመጠ። ከሪማ የመጀመሪያውን ትል አወጣች፤ ሁለተኛውን አወጣች። ቀና ስትል ባሏ ፊቷን ሲያያት አገኘችው።

«ውሻ አይደለም» አላት። «እኔ ነኝ። ጆንያውን ከትከሻዬ ስጥለው ከሥር ነበረች። አላየኋትም፣ ከሪማ።»

እጇ ቆመ። ከምታጥብበት ጨርቅ ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ያን ቀን በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያየችው ትዝ አላት፤ ይቺን ነገር ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሟት እንደከረመ ገባት። ተናዳለች፤ ግን የምትናደድበት ጊዜ አልነበራትም።

«ይያዟት» አለችው። «እንዳታመልጥዎት። ገና ብዙ ትል አለ።»

ሁለት ቀን አላነጋገረችውም። በሦስተኛው ቀን ከጣቢያው መጋዘን የተራገፈ ጥጥ ለምኖ ይዞላት ገባ፤ ለመኝታዋ እንዲሆን። በማግሥቱም ደገመ። ከዚያ በኋላ መኝታውን የሚቀይረው፣ የረጠበውን በእንዶድ የሚያጥበው እሱ ሆነ። ከሪማ ለማስታመሚያ አንድ አሮጌ ቀሚስ ለየች፤ ለሶላት ሲደርስ ታጥባ ሌላውን ትለብሳለች። ቤቱ በዚህ ሥርዓት መኖር ጀመረ።

ቁስሉ ከትል ጠራ። ሽታው ጠፋ። ነገር ግን ሎሚ አንድ ጊዜ ወደ ቁናው ተስባ ከሄደች፣ የሦስት ቀን ድካም በአንድ ጉዞ ይላጥ ነበር። ጭነቱ አልወረደም።

ከሪማ ከአቡጀዲ ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ የኋላ ገላዋን ከተተችበት። ሎሚ እስከ ቀትር በላችው። ከቆዳ ሠራች፤ እንዳይወልቅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ቆዳው ጥርሷን ቻለ፤ ሎሚም ሦስት ቀን ሙሉ እየተንሸራተተች ቤቱን ዞረች። በአራተኛው ቀን ከሪማ ስትፈታው የግራ እግሯ አብጦ ጠቁሯል። አንዷ ጣት ተነቅላ በከሪማ እጅ ላይ ቀረች።

ያን ቀን ወስፌውን ጣለችው። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ግቢውን አጨቅይቶታል፤ አዋሽ ሞልቶ የአርሲ መንገድ ተዘግቷል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ጣራው ጥግ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። አቶ ገብረወልድ በአጥሩ በኩል አያት፤ ያለፈውን ምክሩን ሊደግመው አልደፈረም፤ ወደ ቤቱ ገባ።

ያልተጨረሰ የአንድ በቅሎ ድብዳብ ፊት ለፊቷ ተሰቅሏል። በቅሎው ገጣባ ስለነበረው ስፌቱ የተለየ ነው። ገጣባ ላለው ከብት ስትሰፋ ቁስሉ ያለበትን ቦታ ባዶ ትተወዋለች። ዙሪያውን ታሳብጠዋለች፤ ጭነቱን የሚሸከመው ዙሪያው ነው፤ ቁስሉ ላይ አንዳች ነገር አያርፍም። ይህን ሃያ ዓመት ሠርታዋለች። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ድብዳቡን ስታየው ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ከጭቃው ውስጥ ወስፌዋን ፈለገች።

አዲሱን ለመሥራት አምስት ቀን ፈጀባት። ከለጋ የበግ ቆዳ ነው፤ እስኪለሰልስ በእጇ አሽታዋለች። ከውስጥ ከባሏ ጥጥ እንደ ቀለበት የተጠቀለለች ድብዳብ በየቁስሉ ዙሪያ ሰፋች፤ መሐሉን ክፍት ተወችው። እግር እንዲተነፍስ በወስፌ የበሳቻቸው ቀዳዳዎች አሉት። ከላይ በትከሻዋ ዞሮ ደረቷ ላይ የሚያዝ ሰፊ ማንገቻ አለው፤ ወገቧን አያስራትም። ከሥር ወለሉ ላይ የሚንሸራተት ለስላሳ ቆዳ ደረበችበት። ሎሚ እንዳታኝከው ውጭውን በእሬት ለቀለቀችው። መሐመድዘይን ያዘ፤ ከሪማ አለበሰቻት። ሎሚ ዞራ ከረጢቱን ነከሰችው፤ እሬቱ መረራትና አፏን በሁለት እጇ ጠረገች። መሐመድዘይን ሳቀ። ከግንቦት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ጧትና ማታ ይፈቱታል፣ ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ማር ይቀባሉ፣ መልሰው ያለብሷታል። በነሐሴ መግቢያ የቁስሉ ሥጋ እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ። ከዚያ ጠርዙ ቀን በቀን ወደ መሐል ገባ። ለፍልሰታ ጾም ፍቺ አቶ ገብረወልድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ከሪማ የቀኙን እግር አሳየችው፤ ተዘግቷል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አይቶ ሄደ፤ በማግሥቱ ከጫካ የመጣ አንድ ቅል ነጭ ማር ላከላት። በመስከረም የግራው ቅርፊት ወደቀ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ሮዝና ስስ ነበር፤ ሰነባብቶም አመዳም ለስላሳ ፀጉር አበቀለ።

ጥቅምት ላይ አዋሽ ጎደለ፤ የአርሲ አህዮች አቧራቸውን እያቦነኑ መጡ። ኦቦ ወዬሳ ከነጂዎቻቸው ጋር ግቢው ውስጥ ገብተው፣ የከብቱንም የሰዉንም ደኅንነት በሰላምታ ጠያይቀው ሲያበቁ፣ «ያቺስ?» አሉ። ሞታለች የሚለውን ለመስማት የተዘጋጁ ይመስል ነበር።

ከሪማ ሎሚን አመጣችላቸው። ኦቦ ወዬሳ ከረጢቱን ፈቱ። እግሩን ወደ ብርሃን አዞሩት። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉ፤ የሚያዥ የለም። አዲሱን ፀጉር ወደ ኋላ መልሰው አዩት። ከዚያ ሽኮኮዋን ትተው ከረጢቱን አነሡና ገልብጠው ውስጡን መረመሩ፤ ባዶ የተተዉትን ቦታዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ዞረው ነጂዎቻቸውን በኦሮምኛ ጠሯቸው።

«ኑ። ኑ እዩ» አሉ። «ወገቧ የተሰበረ ሽኮኮ ገጣባዋ ሲድን አይታችሁ አታውቁም፤ እኔም አላየሁም።»

ሰዉ ተሰበሰበ። የጣቢያው ጫኞች መጡ፤ የጎረቤት ሴቶች መጡ፤ አቶ ገብረወልድም የኬላውን መዝገብ ዘግቶ መጣ። ግቢው መሐል ቁርበት ላይ የተከመረ ስንዴ ነበር። ከሪማ ከረጢቷን አልብሳ ሎሚን ምድር ላይ አኖረቻት።

ሎሚ ሕዝቡን ከቁብ አልቆጠረችም። ስንዴውን አይታ በፊት እግሮቿ ቧጠጠች። ከኋላዋ ከረጢቱ ተንሸራተተ። ክምሩ ሥር ስትደርስ ስንዴው እየተናደ መለሳት፤ እንደገና ቧጠጠች፤ ተናደ። መሐመድዘይን ሊያነሣት እጁን ሲዘረጋ ከሪማ ክንዱን ያዘችው። በሦስተኛው ጊዜ በጎን በኩል ዞረች፤ እየቧጠጠች፣ እየተንሸራተተች፣ እየቧጠጠች ወጣች። ክምሩ ጫፍ ላይ ከረጢቷን እንደ ዙፋን ተደግፋ ተቀመጠችና ሁለቱን ጉንጮቿን በስንዴ ሞላች።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጫኞቹ አጨበጨቡ። አንዱ ነጂ ዱላውን ምድር ላይ እየመታ መዝፈን ጀመረ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። አቶ ገብረወልድ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ትገደል ብዬ ነበር» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። «እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከሪማ፣ ረታሽኝ።»

የከሪማ ፊት እንደዚያ ቀን በርቶ አያውቅም።

ኦቦ ወዬሳ ዘፈኑ እስኪበርድ ቆሙ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው አንዲት ቦራ በቅሎ ስበው አመጡ። ጀርባዋ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ገጣባ ነበር፤ በሳቸው እጅ ዓመት ሙሉ እየዳነ መልሶ ያመረቀዘ።

«እኔ አቅቶኛል» አሏት። «አንቺ እይው።»

እንዲህ ያለ ቃል ከኦቦ ወዬሳ አፍ ሲወጣ የሰማ ነጂ አልነበረም። ዘፈኑ ጨርሶ ቆመ። ከሪማ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ በቅሎዋ ተጠጋች፤ መዳፏን ቁስሉ ዙሪያ አሳርፋ ጭነቱ የት የት እንደሚነካት ለካች። ባሏን ጠርታ ውኃ በጨው እንዲጥድ ነገረችው።

የዚያች በቅሎ ገጣባ በገና ዳነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሁሩታም የአቦምሳም ነጂዎች ጀርባው የተላጠ ከብት ሲኖራቸው ወደ ከሪማ በር ይስቡት ነበር። ሎሚ አልተራመደችም፤ ወገቧም አልተጠገነም። ግን ዳግመኛ አልቆሰለችም። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሪማ በየክረምቱ አዲስ ከረጢት እየሰፋችላት፣ ከአንዱ የስንዴ ክምር ወደ ሌላው ስትወጣ ኖረች።